ዳቦ የተባለች አገር፦ «የረኀብ ጨዋታ» ስለተባለው ልብ ወለድ

«ልብ ወለድ የሥራ ፈት መጽሐፍ ነው» የሚል ሰው በየመኝታ ቤታችን አይጠፋም። ይልቁንም መጽሐፉ ለወጣቶች የተጻፈ፣ ስለሌለ አገርና ስላልደረሰ ዘመን የሚያወራ፣ ባለታሪኳም የ16 ዓመት ልጃገረድ የሆነች እንደሆነ፣ ያ ሰው ገልጦ ሳያይ ይፈርዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍርዱ የተቻኮለ መሆኑን ማስረዳት ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው «የረኀብ ጨዋታ» የተባለው ልብ ወለድ፣ ጥቂቶች ብዙዎችን እንዴት አድርገው እንደሚገዙ ከብዙ ወፍራም የፖለቲካ መጽሐፍ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። መጽሐፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ ጭቆና በጠመንጃ ብቻ አይቆምም፤ የተራበው ሰው ሌላውን የተራበ ሰው እንደ ጠላት እንዲያየው ማድረግ ሲቻል ነው የሚጸናው። አመፅም የሚጀምረው ይህ አስተያየት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሲሰበር ነው።

በመጀመሪያ መጽሐፉ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ እንመልከት። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 «ዩቶፒያ» የተባለውን መጽሐፉን ካወጣ ወዲህ፣ ብዙ ደራሲዎች ሁሉ ነገር የተስተካከለባትን አገር በሐሳባቸው ሲሠሩ ኖረዋል። በሃያኛው መቶ ዓመት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን ከአገሩ አብዮት ጥቂት ዓመታት በኋላ በጻፈው «እኛ» በተባለው ልብ ወለድ፣ እንግሊዛውያኑ አልደስ ሀክስሊ በ1932፣ ጆርጅ ኦርዌልም በ1949 ባወጧቸው መጻሕፍት፣ ሰው እንደ መሣሪያ ቁጥር የሚሰጠው፣ ሐሳቡ የሚጠበቅበት፣ ደስታው እንኳ በመንግሥት የሚታደልበት ዓለም ተሣለ። ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ «ዲስቶፒያ» ይባላል፤ የክፉ አገር ሥዕል ማለት ነው። ዓላማውም ትንቢት መናገር አይደለም። ዛሬ በመካከላችን በትንሹ ያለውን ክፋት ወስዶ፣ አሳድጎ፣ ማንም ሊክደው እስከማይችል ድረስ ማሳየት ነው።

በዛምያቲንም ሆነ በኦርዌል መጽሐፍ ውስጥ አመፀኛ ሴት አለች። ነገር ግን ሴቲቱን የምናያት በወንዱ ዓይን ነው፤ እሱ ይወዳታል፣ እሷ ወደ አመፅ ትስበዋለች፣ ታሪኩ ግን የእሱ ነው። የኮሊንስ መጽሐፍ ከነዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ካትኒስ ኤቨርዲን የተባለችው ልጃገረድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ በራሷ አፍ ትናገራለች። የምናውቀው እሷ የምታውቀውን ብቻ ነው፤ የምንፈራውም እሷ የምትፈራውን ነው።

ደራሲዋ የአየር ኀይል መኮንን ልጅ ናት። አባቷ በቬትናም ጦርነት ዘምቶ የተመለሰ፣ ታሪክም ያስተማረ ሰው ስለነበር፣ ስለ ጦርነት ለልጆቹ ሳይደብቅ ይነግራቸው ነበር። እሷም ይህን መጽሐፍ ከመጻፏ በፊት ለልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ስትጽፍ ስለኖረች የቴሌቪዥንን ጓዳ አሳምራ ታውቀዋለች። ሐሳቡ እንዴት እንደመጣላት ስትናገር፣ አንድ ምሽት ጣቢያ እየቀያየረች ስትመለከት በአንዱ ወጣቶች ለሽልማት ሲወዳደሩ፣ በሌላው የኢራቅ ጦርነት ሲታይ፣ ድካም ተጫጭኗት ስለነበር ሁለቱ ሥዕሎች ተደባለቁብኝ ብላለች። በዚህ ላይ በልጅነቷ ያነበበችው የግሪኮች ተረት ተጨመረበት። የአቴና ሰዎች 7 ወንዶችና 7 ሴቶች ልጆቻቸውን ለቀርጤስ ንጉሥ እንዲገብሩ ተፈርዶባቸው ነበር፤ ልጆቹም መውጫው በማይገኝ ሕንጻ ውስጥ ግማሹ ሰው ግማሹ በሬ ለሆነ አውሬ ይጣሉ ነበር። ልጅ ከሚገበርበት ተረትና ጦርነት እንደ ጨዋታ ከሚታይበት መስኮት፣ ከእነዚህ ከሁለቱ መጽሐፉ ተወለደ።

የታሪኩ አገር ፓኔም ትባላለች። ዛሬ ሰሜን አሜሪካ የምንለው ምድር በድርቅ፣ በማዕበል፣ በእሳትና በባሕር መጥለቅለቅ ከጠፋ በኋላ በፍርስራሹ ላይ የቆመች አገር ናት። በተራሮች መካከል ካፒቶል የተባለች ባለጸጋ ከተማ ተቀምጣለች፤ 12 አውራጃዎችም ይገብሩላታል። ለእያንዳንዱ አውራጃ የተመደበለት ሥራ አለ። 4ኛው ዓሣ ያጠምዳል፤ 7ኛው እንጨት ይቆርጣል፤ 8ኛው ጨርቅ ይሠራል፤ 11ኛው ያርሳል፤ 12ኛው ከሰል ይቆፍራል። ታዲያ የሚያርሰው አውራጃ ይራባል፤ ከሰል የሚቆፍረውም በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ መብራት ያገኛል። ካንዱ አውራጃ ወደ ሌላው መሄድ ክልክል ነው።

ታሪኩ ከሚጀምርበት ከ70 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት አውራጃዎቹ አምፀው ተሸንፈዋል፤ 13ኛው አውራጃ የነበረውም ከነሕዝቡ ጠፋ ተብሏል። ለዚያ አመፅ ቅጣት ይሆን ዘንድ እያንዳንዱ አውራጃ በየዓመቱ ከ12 እስከ 18 ዓመት ከሆናቸው ልጆቹ መካከል አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ እንዲሰጥ ተደነገገ። ዕጣው የሚወጣበት ዕለት «የአጨዳ ቀን» ይባላል። የታጨዱት 24 ልጆች በአንድ ሰፊ ስፍራ ይለቀቁና አንድ ብቻ እስኪቀር ድረስ ይገዳደላሉ። ሕዝቡም የልጆቹን ሞት በቴሌቪዥን እንዲመለከት ይገደዳል። «የረኀብ ጨዋታ» የተባለው ይህ ነው።

የአገሪቱ ስም ራሱ ቁልፍ ነው። «ፓኔም» የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ዳቦ ነው። ዩቬናሊስ የተባለው የሮማ ባለ ቅኔ፣ ቀድሞ ሹም ይሾምና ይሽር የነበረው የሮማ ሕዝብ በእሱ ዘመን ከዳቦና ከትርዒት በቀር የሚመኘው ነገር እንደሌለ በምሬት ጽፎ ነበር። ደራሲዋ ስሙን የወሰደችው ከዚህ ነው። ቅኔ ለለመደ የኛ አገር ጆሮ ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ የአገር ስም፣ ወርቁ የሰው ሆድ።

ከዚህም ሌላ ለጨዋታው የሚሰጡት ልጆች በእንግሊዝኛው የተጠሩበት ቃል ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ግብር» ነው። አማርኛ ግን በዚህ ቃል ከእንግሊዝኛው ርቆ ይሄዳል። ገባሩ ለጌታው የሚያስገባው እህልና ማር ግብር ነው፤ ጌታውም አዳራሹን ከፍቶ፣ ጠጁን አስቀድቶ የሚያበላው ግብር ነው። የሚከፈለውና የሚበላው በአንድ ቃል ይጠራሉ። የሚበላው ከሚከፈለው የመጣ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን ይህን ለማሰብ ጊዜ የለውም። የፓኔም ሥርዓት ይኸው ነው። አውራጃው ይከፍላል፣ ካፒቶል ትበላለች፤ ከገበታውም ፍርፋሪ ወደ ከፋዩ ተመልሶ ሲወረወር እንደ ቸርነት ይቆጠራል።

ይህ የፍርፋሪ ነገር እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ሕጉ እንዲህ ነው። ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው ስሙ በዕጣው ዕቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ይገባል፤ በ13 ዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በ14 ሦስት ጊዜ እያለ፣ በ18 ዓመቱ 7 ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ሀብታምና ድኻ እኩል ናቸው። ነገር ግን የተራበ ልጅ ስሙን አንድ ጊዜ ጨምሮ ቢያስገባ «ተሴራ» የሚባል ነገር ይሰጠዋል፤ ይኸውም ለአንድ ሰው ለአንድ ዓመት የሚታደል ጥቂት እህልና ዘይት ነው። በቤቱ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው እንዲሁ ማድረግ ይችላል። አንድ ጊዜ የገባ ስም ደግሞ በየዓመቱ ይደመራል እንጂ አይወጣም። ካትኒስ ለራሷ፣ ለእናቷና ፕሪም ለተባለች ታናሽ እኅቷ በየዓመቱ ሦስት ተሴራ ትወስዳለች። ስለዚህ በ16 ዓመቷ 5 ጊዜ በሕግ፣ 15 ጊዜ በእህል፣ በድምሩ ስሟ 20 ጊዜ ገብቷል። የአደን ጓደኛዋ ጌል ራሱን ጨምሮ 5 ሰው ስለሚያበላ በ18 ዓመቱ 7 በሕግ፣ 35 በእህል፣ በድምሩ 42 ጊዜ ገብቷል። የከተማው ሹም ልጅ ማጅ ግን ቤቷ ጠግቦ ስለሚያድር በሕግ ከተወሰነባት በላይ ስሟን የምትጨምርበት ምክንያት የላትም።

እንግዲህ ሕጉን እንደ ሕግ ተማሪ አንብቡት። «ድኻ ይሙት» የሚል አንድም አንቀጽ የለበትም። ዕጣው ለሁሉ ነው ይላል፤ እህሉንም የፈለገ ይወስዳል፣ ያልፈለገ ይተዋል ይላል። ነገር ግን የተራበ ሰው «አልፈልግም» ለማለት አይችልም። ስለዚህ በጽሑፍ እኩል የሆነው ሕግ በሥራ ላይ ሲውል የድኻውን ልጅ እየመረጠ ያጭዳል፤ ደግሞም «በፈቃድህ የገባህበት ነው» ለማለት ያመቻል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። ግፍ ሁልጊዜ የግፍ ልብስ ለብሶ አይመጣም፤ የእኩልነትና የፈቃድ ልብስ ሲለብስ ግን ማንም አያውቀውም።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚሁ ይወጣል። በአጨዳው ዕለት ጠዋት ማጅ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በሩን ስትከፍት ጌል በምሬት ይወጋታል። ሕጉን ያወጣችው ግን ማጅ አይደለችም፤ እሷም ስሟ በዕጣው ውስጥ ነው። ጌል ራሱ ከሰው ርቆ በጫካ ውስጥ ሲሆን ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ተሴራ የተፈለሰፈው የከሰል ቆፋሪው ልጅ የነጋዴውን ልጅ እንዲጠላ፣ ሁለቱም አብረው እንዳይቆሙ ለማድረግ መሆኑን ይናገራል። ቢያውቀውም ከቁጣው አልዳነም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ አንበሳውም የሰማው ይመስላል፤ ሥራው ሁሉ ድሩ እንዳያብር ማድረግ ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ ትርዒቱ ነው። ልጆቹ ከመሞታቸው በፊት ይታጠባሉ፣ ያጌጣሉ፣ በሠረገላ ሆነው በሕዝብ ፊት ያልፋሉ፣ በቴሌቪዥንም ቀርበው ይጠየቃሉ። የካፒቶል ባለጸጎች በልጆቹ ላይ ገንዘብ ይወራረዳሉ፤ ለወደዱትም ልጅ ምግብና መድኃኒት በጃንጥላ ይልኩለታል። ስለዚህ ልጁ በሕይወት ለመኖር ለገዳዮቹ ደስ ማሰኘት አለበት። ከዚህ የከፋው ደግሞ የአሸናፊው ሽልማት ነው። አሸናፊው የወጣበት አውራጃ ዓመቱን ሙሉ ተጨማሪ እህል ይታደለዋል። ይህ ማለት የአንዱ አውራጃ እናቶች በቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው የሌላውን አውራጃ 22 ልጆች ሞት እንዲመኙ ይደረጋሉ ማለት ነው። ካፒቶል ሕዝቡን ትርዒቱን እንዲያይ ማስገደዷ ብቻ አልበቃትም፤ በዳቦ አድርጋ ወገን አስያዘችው።

በዚህ አገር ነው ካትኒስ የምትኖረው። የ11 ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ በከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ ሞተ። እናቷ በሐዘን ደንዝዛ ስለቀረች ቤቱ በልጂቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። በዝናብ ተደብድባ፣ ተርባ ከዳቦ ጋጋሪው ቤት ጓሮ ወድቃ ሳለች፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ፒታ ሆን ብሎ ያሳረረውን ዳቦ ወርውሮላት እሱ በእናቱ ተደበደበ። ከዚያ በኋላ አባቷ ባስተማራት ቀስት፣ የተከለከለውን አጥር ተሻግራ እያደነች ቤተ ሰቧን ታበላለች። የአደን ቅጣቱ ሞት ነው፤ ሰላም አስከባሪ የተባሉት ወታደሮች ግን ሥጋውን ከእሷ ስለሚገዙ አይተው እንዳላዩ ያልፏታል። ስለ ነፃነት የሚናገር መጽሐፍ አላነበበችም፤ ስብሰባም አልተቀመጠችም። የምትፈልገው አገር ማዳን ሳይሆን እኅቷን ማኖር ነው።

በ74ኛው ጨዋታ አጨዳ ቀን ከዕጣው የወጣው ስም የፕሪም ነበር። ልጂቱ 12 ዓመቷ ነው፤ ስሟም ከሺህዎቹ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ የገባ ነበር። ካትኒስ «እኔ ልተካ» ብላ ወጣች። ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ታዘዘ፤ አላጨበጨበም። ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ የግራ እጁን ሦስት ጣቶች ከከንፈሩ አስነክቶ ወደ እሷ ዘረጋ። ይህ በዚያ አውራጃ በቀብር ጊዜ እንጂ በሌላ የማይታይ የጥንት ምልክት ነው፤ ትርጉሙም ምስጋና፣ አክብሮትና ለሚወዱት ሰው ስንብት ነው። ማንም አልጮኸም፤ ድንጋይም አልተወረወረም። ነገር ግን ታዝዞ አለማጨብጨብ በዚያ አገር ትልቅ ነገር ነው።

የመጽሐፉ ልብ ግን ያለው ከዚህ ወዲያ ነው። በመጫወቻው ስፍራ ካትኒስ ሩ ከተባለች የ11ኛው አውራጃ ልጅ ጋር ትወዳጃለች። ሩ 12 ዓመቷ ነው፤ በቁመትም በጠባይም ፕሪምን ታስታውሳታለች። ሁለቱ ሌሊት ተቀምጠው ስለየአገራቸው ይጫወታሉ። ሩ፣ አራሹ ካመረተው ላይ ቢቀምስ በሕዝብ ፊት እንደሚገረፍ ስትነግራት ካትኒስ ትደነቃለች፤ የሚያርሰው ጠግቦ የሚያድር ይመስላት ነበርና። ወዲያውም ይህ ጭውውታቸው ለሕዝብ እየተላለፈ ይሆን ወይስ ተቆርጦ ይሆን ብላ ታስባለች፤ ካፒቶል የአንዱ አውራጃ ሰው የሌላውን ኑሮ እንዲያውቅ አትፈልግምና። በመጽሐፉ ውስጥ ከተወረወረው ቀስት ሁሉ ይልቅ ለገዢዎቹ አደገኛ የሆነው ይህ ጭውውት ነው። አንዲት የከሰል ቆፋሪ ልጅና አንዲት የአራሽ ልጅ ሁለታችንም የምንራበው በአንድ ምክንያት ነው ለማለት ጥቂት ቃል ብቻ ይቀራቸዋል።

ሩ በጦር ተወግታ ሞተች። ካትኒስ ሥነ ሥርዓቱን አልጠበቀችም፤ ሬሳውን ትታ አልሸሸችም። አበባ ለቅማ ቁስሏን ሸፈነችው፣ ፊቷን ከበበችው፤ በሦስት ጣቷም ተሰናበተቻት። ተመልካች ሁሉ የሞተችው የጨዋታ ቁጥር ሳትሆን ልጅ መሆኗን እንዲያይ አስገደደችው። በዚህም ጊዜ ከሰማይ ዳቦ ወረደላት። ዳቦው የተላከው ከ11ኛው አውራጃ ነው፤ የተራቡ ሰዎች ለሩ ሊልኩ ያዋጡትን ለሌላ አውራጃ ልጅ ሰጡ። ይህን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም። እንግዲህ አስተውሉ፤ ካፒቶል የምትገዛው በዳቦ ነው፤ አመፁም የጀመረው በዳቦ ነው። ያን ጊዜ ግን ዳቦው ከላይ የተወረወረ ፍርፋሪ አልነበረም፤ ከተራበ ለተራበ የተላለፈ እንጂ።

በመጨረሻ ከአንድ አውራጃ የወጡ ሁለት ልጆች አብረው ማሸነፍ ይችላሉ ተብሎ ታውጆ ሳለ፣ ካትኒስና ፒታ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ አዋጁ ተሻረ፤ አንዳቸው ሌላውን እንዲገድል ተጠበቀ። እነሱ ግን መርዛም ፍሬ ይዘው አብረው ሊሞቱ ተዘጋጁ። አሸናፊ የሌለው ጨዋታ ትርዒት አይሆንምና ካፒቶል ተሸነፈች፤ ሁለቱም አሸናፊ ተባሉ። በኃይል ያልተገኘው ነገር «አንጫወትም» በማለት ተገኘ።

ታሪኩ በ2009 እና በ2010 በወጡ ሁለት መጻሕፍት ይቀጥላል። ደራሲዋ ወሬዋን በድል ዘግታ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ጥሩ የልጆች ተረት ሆኖ በቀረ ነበር። እሷ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ጨመረች፤ አመፀኛው ካሸነፈ በኋላስ? ጠፋ የተባለው 13ኛው አውራጃ ከምድር በታች ተደብቆ መኖሩ ይታወቃል፤ ኮይን የተባለችም ሴት ትመራዋለች። አውራጃው ካትኒስን ለአመፁ ምልክት አድርጎ ያለብሳታል፣ ያስጌጣታል፣ ፊልም ያነሣታል፤ ካፒቶል ያደረገችውን ያደርጋታል። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል በተጣለ ቦምብ ብዙ ልጆች ሞቱ፤ ለእርዳታ የመጣችው ፕሪምም በሁለተኛው ፍንዳታ ሞተች። ቦምቡ ጌል ካቀደው ዓይነት ነበር። ድል ከተገኘም በኋላ ኮይን ለበቀል ያህል በካፒቶል ልጆች አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ይደረግ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ካትኒስ ለጊዜው ድምጿን ከኮይን ጋር ሰጠች። አሮጌውን ፕሬዚዳንት እንድትገድል ቀስት በተሰጣት ዕለት ግን ፍላጻው የሄደው ወደ አዲሷ መሪ ነው።

ይህን ክፍል እንደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚረዳው ጥቂት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኀብ ከሕዝብ ተሸሽጎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ። የሚከፈለው ግብርና የሚበላው ግብር ጎን ለጎን ታዩ። ሥዕሉ እውነት ነበር፤ የተመልካቹም ቁጣ ትክክል ነበር። ነገር ግን 10 ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረኀብ እየረገፈ ነበር። የአዳራሹ ባለቤት ተለወጠ፤ አዳራሹ ግን አልፈረሰም። ኮሊንስ ስለኛ አገር አልጻፈችም፤ የጻፈችው ግን ለኛ እንግዳ አይደለም።

መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ልጂቱ በጌልና በፒታ መካከል የምታደርገው የልብ ማመንታት ብዙ ገጽ ይወስዳል፤ አንዳንዱም አንባቢ ከረኀቡ ይልቅ ይህን ይዞ ይቀራል። ታሪኩ ከ2012 ጀምሮ ፊልም ሆኖ ሲወጣ ደግሞ የባሰ ነገር ደረሰ። በ2013 ሁለተኛው ፊልም ሲታይ አንድ የመዋቢያ ኩባንያ በካፒቶል ስም የከንፈርና የዓይን ቀለም ለገበያ አወጣ። የካፒቶልን ጌጥ የሚኮንነው ታሪክ የካፒቶልን ጌጥ መሸጫ ሆነ። ትርዒትን የሚነቅፍ መጽሐፍ ራሱ ትርዒት መሆኑ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ደራሲዋ ያለችው እውነት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አይገኝም። ገበያ የሚነቅፈውን ሁሉ ገዝቶ መሸጥ ያውቃል።

ሆኖም ሁሉን መግዛት አልቻለም። በታይላንድ ግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. የጦር ሠራዊቱ ሥልጣን በያዘ ጊዜ የፖለቲካ ስብሰባ ተከለከለ። ወጣቶች የካትኒስን ሦስት ጣቶች በአደባባይ ማንሣት ጀመሩ፤ ጣታቸውን ስላነሡም ታሰሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በኮን ኬን ከተማ 5 ተማሪዎች ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጄኔራል ፕራዩት ንግግር ሲያደርግ ከፊቱ ቆመው ሦስት ጣታቸውን አነሡ፤ ወዲያውም ተያዙ። በምያንማር የጦር ሠራዊቱ የካቲት 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሲገለብጥ ሐኪሞችና ተማሪዎች ይህንኑ ምልክት አነሡ፤ በዚያው ወር የአገሪቱ አምባሳደር ቾ ሞ ቱን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ንግግሩን በሦስት ጣት ፈጸመ። ልብ ወለድ ለሥራ ፈት ነው የሚለው ባልንጀራችን ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። ጄኔራሎች ሥራ የሚፈቱ ሰዎች አይደሉም፤ ጣትን የፈሩት ግን ከልብ ወለድ የወጣ ምልክት ስለሆነ ነው።

ምልክት ብቻውን ግን መንግሥት አይለውጥም፤ ይህንንም መጽሐፉ አይሸሽግም። ሦስት ጣት ለማንሣት አንድ ሰዓት ይበቃል። ሌላው አውራጃ እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ግን ሩና ካትኒስ እንዳደረጉት ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባነው ከብዙ አገር ተሰብስበን ነው። በአንድ መኝታ ቤት እናድራለን፤ በአንድ ማዕድ እንበላለን። ያልፈጠርነውን የዳቦ ሽሚያ እርስ በርሳችን እንድንሻማ፣ ያላወጣነውን ሕግ እርስ በርሳችን እንድንጣላበት የሚፈልግ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። አንዱ ተማሪ ሌላውን ስለ ትውልድ ስፍራው ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው የሚሰማ ከሆነ፣ መጽሐፉ ከሚያስተምረው ዋናውን ክፍል ሠርቷል።

ስለዚህ ይህን ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው፣ ካትኒስ ከሁለቱ ወጣቶች የትኛውን ትወዳለች የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ይተወው። ሩ የተባለችውን የ12 ዓመት ልጅ ማን ገደላት ብሎ ይጠይቅ። ጦሩን የወረወረው ልጅ ነው ብሎ የመለሰ እንደሆነ፣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ያንብበው።